ጃኪ ሮቢንሰንና የባልክ ሕግ

መግቢያ

በእኛ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍል ስለ ጨዋታ ሕግጋት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ እግር ኳስ ነው። ኦፍሳይድ ነበር አልነበረም፣ ፔናሊቲ ይገባል አይገባም ስንባባል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ ስፖርት፣ በስፖርቱም ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ሕግ፣ እንዲሁም በዚያች ሕግ በደንብ ስለተጠቀመ አንድ ሰው ላወጋችሁ አስቤያለሁ። ስፖርቱ ቤዝቦል ነው፤ ሕጓ ባልክ ትባላለች፤ ሰውየው ደግሞ ጃኪ ሮቢንሰን ነው።

ሮቢንሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ ውስጥ የቀለም አጥሩን ጥሶ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች መሆኑን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ይህ ታሪክ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው ትዕግሥቱ ነው። ሰደቡት፣ ቻለ፤ ዛቱበት፣ ዝም አለ ይባላል። በእኔ አመለካከት ግን ዝም አላለም። አፉና እጁ ሲታሰሩ በእግሩ ተናግሯል። እንዴት እንደተናገረ ለመረዳት ደግሞ ባልክን ማወቅ ያስፈልጋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ባልክ ምንድን ነው?

ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ቤዝ ይባላሉ። ከአንዱ እስከ ሌላው 27 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል። መቺው ሆም በሚባለው ማረፊያ ቆሞ ከ18 ሜትር ርቀት የሚወረወርለትን ኳስ በዱላ ይመታል፤ ከዚያም አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝን ረግጦ ተመልሶ ሆም ከደረሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ኳሷን የሚወረውረው ፒቸር፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ደግሞ ካቸር ይባላሉ።

አሁን አንድ ሯጭ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሟል እንበል። ሌላው መቺ ተራውን እየጠበቀ ሳለ ይህ ሯጭ አጋጣሚ ፈልጎ ወደ ሁለተኛው ቤዝ መፈትለክ ይችላል። ይህ ቤዝ መስረቅ ይባላል። ስሙ ስርቆት ይሁን እንጂ በሕግ የተፈቀደ ነው። ፒቸሩም በበኩሉ ሯጩ ከቤዙ ራቅ ካለ ድንገት ዞሮ ወደዚያው በመወርወር ሊያስወጣው ይችላል። እንግዲህ ሁለቱ እንደ ድመትና አይጥ ይፋጠጣሉ።

ፒቸሩ ግን እንደፈለገ ማታለል አይችልም። ወደ መቺው የመወርወር እንቅስቃሴ ከጀመረ መጨረስ አለበት። እጆቹን ካገናኘ በኋላ፣ ከመወርወሩ በፊት፣ ሙሉ በሙሉ ቆም ማለት አለበት። ወደ አንደኛ ቤዝ የወረወረ አስመስሎ ኳሷን እጁ ላይ ማስቀረትም አይፈቀድለትም። ከነዚህ አንዱን ከጣሰ ዳኛው ባልክ ብሎ ይፈርዳል። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ ቤዝ ላይ ያሉት ሯጮች በሙሉ ማንም ሳይነካቸው አንድ አንድ ቤዝ ወደፊት ይሄዳሉ። ሯጩ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ከነበረ ነጥብ ሆነ ማለት ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ካስፈለገ፣ በእግር ኳስ ፔናሊቲ መቺው ሩጫውን ጨርሶ የመታ አስመስሎ ቢያቆም ቢጫ ካርድ ያየል አይደል? የባልክም መንፈስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕጓ ደግሞ የትናንት አይደለችም። የኒውዮርኩ ኒከርቦከር ክለብ በ1845 ባወጣው ደንብ ውስጥ እንኳ ባልክ በስሟ ተጠቅሳለች። አተረጓጎሟ ግን እንደ ዳኞቹ ጥብቅነት ይለዋወጣል። በ1988 ፒቸሮች በግልጽ የሚታይ መቆም እንዲቆሙ ሕጉ ሲጠብቅ በአንድ የውድድር ዘመን 924 ባልክ ተፈርዷል። ሕግ በመጽሐፍ ላይ ያው ሆኖ ሳለ በሜዳ ላይ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን በጥር 31 ቀን 1919 በጆርጂያ ግዛት ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ። ወላጆቹ የሰው መሬት የሚያርሱ እኩል አራሾች ነበሩ። እሱ ለአምስቱ ልጆች የመጨረሻው ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ስለሄደ እናቱ ማሊ በ1920 ልጆቿን ሰብስባ በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘች፤ ፓሳዲና ከተማ ላይም ተቀመጠች። በሰው ቤት እየሠራች አሳደገቻቸው።

ስፖርት በቤቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ነገር ግን ምን ዋጋ አለው? ማክ አገሩ ሲመለስ ያገኘው ሥራ የፓሳዲናን ጎዳና መጥረግ ነበር። ታናሽዬው ይህን እያየ አደገ።

ጃኪ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በእግር ኳስ (የአሜሪካውያኑን ማለቴ ነው)፣ በቅርጫት ኳስ፣ በአትሌቲክስና በቤዝቦል ለዩኒቨርሲቲው ተጫውቷል። በአራት ስፖርቶች የዩኒቨርሲቲውን የክብር ፊደል ያገኘ የመጀመሪያው ተማሪ እሱ ነው። በ1940 በርዝመት ዝላይ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። የእግሩ ፍንጥርታ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ መልሱ እዚህ አለ።

አውቶቡሱና ወታደራዊው ፍርድ ቤት

በ1942 ለውትድርና ተጠራ፤ በ1943 መጀመሪያ ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። በሐምሌ 1944 በቴክሳስ ካምፕ ሁድ ሳለ የወታደር አውቶቡስ ተሳፍሮ ሹፌሩ ወደ ኋላ ሄደህ ተቀመጥ ቢለው አልነሳም አለ። ከዚያ በኋላ በተነሳው ጭቅጭቅ አለቃን ባለማክበርና ትእዛዝ ባለመቀበል ተከሶ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። በነሐሴ ወር ፍርድ ቤቱ ነፃ ብሎ አሰናበተው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ከሠራዊቱ በክብር ወጣ።

ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ሮቢንሰን የፈራ ሰው አልነበረም፤ ቁጡም ነበር። በተፈጥሮው ትዕግሥተኛ ስለነበር ቻለው የሚለው አነጋገር እውነቱን ያሳንሰዋል። በኋላ በሜዳ ላይ የታየው ትዕግሥት ተፈጥሮ ሳይሆን ሥራ ነበር።

ውሉ

ከ1880ዎቹ ወዲህ በከፍተኛው ሊግ አንድም ጥቁር አይጫወትም ነበር። በወረቀት ላይ የተጻፈ ክልከላ አልነበረም፤ የቡድን ባለቤቶች በመግባባት የሚያስከብሩት ያልተጻፈ ሕግ ነው። ጥቁሮች የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው፤ ሮቢንሰንም በ1945 ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ተጫውቷል።

በነሐሴ 28 ቀን 1945 የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ቢሯቸው አስጠርተው ለረጅም ሰዓት አነጋገሩት። ሪኪ ሊደርስበት የሚችለውን ስድብና ትንኮሳ እየተወኑ ጭምር አሳዩት ይባላል። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ምንም ቢያደርጉህ አትመልስ። አንድ ቡጢ ከሰነዘረ ጥቁር ተጫዋች አይቻልም የሚሉት ሁሉ ምክንያት ያገኛሉ። ሮቢንሰን ተስማማ።

እስቲ በእሱ ቦታ ሆነን እናስበው። በአውቶቡስ ወንበር ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ሰው አሁን እጁንም አፉንም አስሮ እንዲጫወት ተጠየቀ። ታዲያ ምን ቀረው? ሁለት ነገር ቀረው፤ እግሩና የጨዋታው ሕግ።

ጀርሲ ሲቲ፣ 1946

በመጀመሪያ የተላከው የዶጀርስ ታዳጊ ቡድን ወደነበረው ሞንትሪያል ሮያልስ ነው። በየካቲት 1946 ራሔል አይሰምን አገባ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ በጀርሲ ሲቲ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ከአምስት ጊዜ አራቱን መታ፤ አንዱን ከሜዳ አውጥቶ ሦስት ነጥብ አስገኘ። ሁለት ቤዝ ሰረቀ። ራሱ አራት ጊዜ ሆም ደረሰ። ሞንትሪያል 14 ለ 1 አሸነፈ።

ከነዚያ አራት ነጥቦች ሁለቱ በባልክ የመጡ ናቸው። በአምስተኛው ዙር ኳሷን በቀስታ ነክቶ አንደኛ ቤዝ ደረሰ፤ ሁለተኛውን ሰረቀ፤ ወደ ሦስተኛውም አለፈ። ከዚያ ጨዋታውን ጀመረ። ወደ ሆም ይፈተለክና ይቆማል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይፈተለካል። ፒቸሩ አንድ ዓይኑ መቺው ላይ፣ አንዱ ሮቢንሰን ላይ ሆነ፤ እንቅስቃሴ ጀምሮ መሃል ላይ ተደናገጠ። ባልክ! ሮቢንሰን እየተራመደ ሆም ገባ። በኋላም በዚያው ጨዋታ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ ያንኑ ደገመው።

ልብ በሉ፤ ማንንም አልነካም፤ ለማንም አልመለሰም። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ሕግ የጣሰው ግን ተቃራኒው ሆነ፤ የፈረደበትም ነጭ ዳኛ ነው። እኔ የሮቢንሰንን ሕይወት በባልክ በኩል ለመጻፍ የፈለግኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ዓመት በመምታት አማካይ .349 ሆኖ ሊጉን መራ፤ 40 ቤዝ ሰረቀ። በውድድር ዘመኑ ማብቂያ በታናናሽ ሊጎች የዋንጫ ጨዋታ ሉዊቪልን ሲገጥሙ በኬንታኪ የነበረው ተመልካች እየጮኸ ሰደበው፤ ሞንትሪያልም ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱን እዚያ ተሸነፈ። ቡድኑ ወደ ካናዳ ሲመለስ ግን የሞንትሪያል ሕዝብ በተራው እንግዶቹን አጣደፋቸው፤ ሮያልስም በድምሩ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በመጨረሻው ቀን ሕዝቡ በፍቅር መንገድ ላይ አባረረው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ አንድን ጥቁር ሕዝብ ሲያባርረው ምን ለማድረግ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የ1947ቱ ባልክ

በሚያዝያ 15 ቀን 1947፣ በ28 ዓመቱ፣ ለብሩክሊን ዶጀርስ በኤቤትስ ፊልድ ተሰለፈ። የራሱ ቡድን አንዳንድ ተጫዋቾች ሳይቀሩ እሱ እንዳይገባ ፊርማ ሊያሰባስቡ ሞክረው ነበር። በዚያው ወር የፊላደልፊያ ቡድን አሠልጣኝ ቤን ቻፕማን ከነተጫዋቾቹ ያወረዱበት ስድብ እስከ ዛሬ ይነሳል። ሮቢንሰን ውሉን ጠበቀ። በዓመቱ መጨረሻ 29 ቤዝ ሰርቆ ሊጉን መራ፤ 125 ነጥብ አስቆጠረ፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማትም ወሰደ።

ዶጀርስ ሊጉን አሸንፎ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ለዎርልድ ሲሪስ ደረሰ። ዎርልድ ሲሪስ የሁለቱ ሊግ አሸናፊዎች የሚገናኙበት የመጨረሻው የዋንጫ ፍልሚያ ነው፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል። የ1947ቱ በቴሌቪዥን የተላለፈ የመጀመሪያው ነበር።

በመስከረም 30 ቀን በያንኪ ስታዲየም ከ73 ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኝቷል። የያንኪስ ፒቸር ፍራንክ ሼይ ሲሆን ካቸሩ ገና ወጣት የነበረው ዮጊ ቤራ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሮቢንሰን በነፃ አንደኛ ቤዝ ተሰጠውና ወዲያው ሁለተኛውን ሰረቀ። ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ተይዞ ወጣ፤ ሆኖም እሱን ሲያሳድዱ ጓደኛው ወደፊት ተራምዶ በኋላ ነጥብ ሆነ። በሦስተኛው ዙር እንደገና በነፃ አንደኛ ቤዝ ደረሰ። አሁን ሼይ ያውቀዋል። ሮቢንሰን ከቤዙ ራቀ፤ ተመለሰ፤ ራቀ። ፒቸሩ ተረበሸና ባልክ ሠራ፤ ሮቢንሰንም ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆመ።

እውነቱን ለመናገር ያ ባልክ ነጥብ አላመጣም። ያንኪስ በአምስተኛው ዙር አምስት ነጥብ አስቆጥሮ 5 ለ 3 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም 4 ለ 3 ወሰደ። በውጤት ብቻ ከለካነው ከንቱ ነው። ሆኖም ስልሳ ዓመት ያህል በዚህ ሜዳ አትገቡም የተባሉ ሰዎች ልጅ፣ በአገሪቱ ትልቁ የስፖርት መድረክ ላይ፣ ቆሞ በመወዛወዝ ብቻ ፒቸሩን ሕግ አስጥሷል። ሕጉ ደግሞ ቀለሙን አይቶ አልተለወጠበትም። ከስታዲየሙ ውጪ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ቀለሙን ያዩ ነበር፤ የባልክ ሕግ ግን አላየም።

ከዝምታ በኋላ

የዝምታው ውል ለዘላለም አልነበረም። ከ1949 ጀምሮ ሮቢንሰን እንደማንኛውም ተጫዋች መከራከር ጀመረ፤ ዳኞችንም ይሟገት ነበር። አንዳንዶች ያኔ ተለወጠ ብለው ወቀሱት። እኔ ግን የተለወጠ አይመስለኝም፤ የተፈታ እንጂ። በዚያ ዓመት .342 መትቶ፣ 37 ቤዝ ሰርቆ የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ1949 ሐምሌ ደግሞ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የዘፋኙን የፖል ሮብሰንን አስተያየት ተቃወመ፤ በዚያው ንግግሩ የዘር መድልዎንም አወገዘ። በኋለኛ ዕድሜው ስለ ሮብሰን የነበረው አመለካከት ተቀይሯል።

ሆምን መስረቅ፣ 1955

ከሁሉም የሚከብደው ስርቆት ከሦስተኛ ቤዝ ወደ ሆም የሚደረገው ነው፤ ኳሷ ራሷ ወደዚያው እየመጣች ነዋ! ሮቢንሰን በመደበኛ ጨዋታዎች 19 ጊዜ አድርጎታል። እዚህ ላይ የባልክ ሕግ ድርሻ አላት። ፒቸሩ እንቅስቃሴ ጀምሮ ሯጩ ሲመጣ ቢያይ እንኳ አቁሞ ሐሳቡን መቀየር አይችልም፤ ካቆመ ባልክ ይሆናል፣ ሯጩም በነፃ ይገባል። ስለዚህ ሯጩ የሚጠብቀው ፒቸሩ መመለስ የማይችልበትን ቅጽበት ነው።

በመስከረም 28 ቀን 1955 በዎርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በስምንተኛው ዙር፣ ያንኪስ 6 ለ 4 ይመራል። ከዶጀርስ ሁለት ሰው ወጥቷል። የ36 ዓመቱ ሮቢንሰን ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነው፤ ፒቸሩ ዋይቲ ፎርድ ነው። ፎርድ እንቅስቃሴውን ሲጀምር ሮቢንሰን ተወረወረ። ቤራ ኳሷን ይዞ ሊነካው ሲሞክር ሮቢንሰን ተንሸራቶ ገባ። ዳኛው ቢል ሰመርስ ገብቷል አሉ። ቤራ ዘሎ ተነስቶ ጮኸ፤ እስከሞተበት እስከ 2015 ድረስም አልገባም እንዳለ ኖረ።

ክርክሩ ሁልጊዜ ነካው አልነካው በሚለው ላይ ነው። የባልክን ሕግ ያነበበ ሰው ግን ሌላም ጥያቄ ያነሳል። ሯጭ ከሦስተኛ ቤዝ ሲመጣ ካቸሩ ኳሷን ሳይዝ ሆም ላይ ወይም ከሆም ፊት ወጥቶ ከቆመ ባልኩ በፒቸሩ ላይ ይቆጠራል፤ ሯጩም ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ፊልሙን የሚያይ ሰው የቤራን እጅ ብቻ ሳይሆን የቤራንም እግር ማየት አለበት እላለሁ።

ያንኪስ ያን ጨዋታ 6 ለ 5 አሸነፈ። ሁለት ነጥብ እየተመሩ ሆም መስረቅ ምን ይረባል ያሉ ነበሩ። ብሩክሊን ግን በሰባት ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ። ሮቢንሰን ስድስት ጊዜ ለዎርልድ ሲሪስ ደርሶ፣ ስድስቱንም ጊዜ ከያንኪስ ጋር ተጫውቶ፣ ያሸነፈው ይህን አንዱን ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከ1956 ውድድር በኋላ ወደ ኒውዮርክ ጃያንትስ ሊዛወር ሲል ጫማውን ሰቀለ። በቡና ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1962 የዝና አዳራሽ ገባ፤ በ1964 በሃርለም ፍሪደም ናሽናል ባንክን ካቋቋሙት አንዱ ነበር። በስኳር በሽታ ተዳክሞ ዓይኑ እየፈዘዘ ሳለ በጥቅምት 15 ቀን 1972 በሲንሲናቲ በተደረገ የዎርልድ ሲሪስ ጨዋታ ላይ ተጋብዞ ተናገረ። አመስግኖ ብቻ አልተቀመጠም፤ አንድ ቀን ጥቁር አሠልጣኝ ቡድን ሲመራ ማየት እንደሚፈልግ አስታወቀ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በጥቅምት 24፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። ፍራንክ ሮቢንሰን የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆኖ ክሊቭላንድን የመራው በ1975 ነው፤ ጃኪ አላየውም። 42 ቁጥሩ በ1997 በሊጉ በሙሉ ለሌላ እንዳይሰጥ ተወሰነ።

ማጠቃለያ

በ2023 ሊጉ አዲስ ደንብ አወጣ። ፒቸሩ በአንድ መቺ ተራ ሯጩን ለማስወጣት ከሁለት ጊዜ በላይ ሞክሮ በሦስተኛው ካልተሳካለት ባልክ ይቆጠርበታል። ዓላማው ሯጮች እንደገና እንዲሮጡ ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሮቢንሰን ነው።

ከእኛ መካከል ነገ አሠልጣኝ የሚሆኑ፣ ዳኛ የሚሆኑ አሉ። አሠልጣኝ ለሚሆነው የሮቢንሰን ሕይወት የሚነግረው ነገር ግልጽ ይመስለኛል፤ ሕጉን ከተቃራኒህ በላይ እወቅ። ዳኛ ለሚሆነው ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረዋል። ጀርሲ ሲቲ ላይ ሁለት ጊዜ ባልክ ያለው ዳኛ ጀግና አይደለም፤ ስሙንም የሚያነሳው የለም። ያየውን ፈረደ፣ በቃ። ነገር ግን ያን ቀን ያየውን እንዳላየ ቢያልፍ ኖሮ ሮቢንሰን በእጁ የቀረውን ብቸኛ መሣሪያ ይነጥቀው ነበር። መመለስ ለተከለከለ ሰው፣ ሕግን እንደተጻፈ የሚያነብ ዳኛ ትልቅ ነገር ነው።